የማያውቀውን ምስጢር የሸጠው ባሌ

ባሌ ሰይድ ሌባ ተብሎ ውጫሌ ሽማግሌ ፊት በቀረበበት ቀን፣ አለመስረቁን አስረግጬ የማውቀው እኔ ነበርኩ። ሚስቱ ስለሆንኩ አይደለም። ሚስትማ ባሏ ሲከሰስ ከዳኛው ቀድማ የምትጠረጥር እሷ ናት። እኔ ያወቅኩት ሰረቀ የተባለው ነገር ምን እንደሆነ ስለማውቅና እሱ ደግሞ ስለማያውቀው ነው። የማያውቁትን ነገር መስረቅ እንዴት ይቻላል የምትሉ ካላችሁ፣ እኔም እስከዚያ ቀን ድረስ አይቻልም ባይ ነበርኩ።

ሐያት እባላለሁ። ያኔ ሁለታችንም ሐይቅ ከተማ፣ በሐጂ ይመር የዶሮ መኖ ማቀነባበሪያ እንሠራ ነበር፤ እሱ ሥራ አስኪያጅ፣ እኔ የምርት ኃላፊ። ሐጂ ልጆቻቸው ከጂዳ በላኩላቸው ብር ወፍጮ ተክለው፣ መጋዘን ሠርተው፣ በአካባቢው ዶሮ የሚያረባ ሁሉ የእሳቸውን ከረጢት ፈላጊ እንዲሆን ያደረጉ ታታሪ ሰው ናቸው። ሰይድ ደግሞ ደሴ አስተዳደር ተምሮ የመጣ፣ ቁመናው የሚያምር፣ ስብሰባ ላይ አንድ እጁን ኪሱ ከትቶ «በአጠቃላይ» ብሎ ሲጀምር ሰው ሁሉ ጸጥ የሚልለት ነበር። እኔ የእንስሳት እርባታ ነው የተማርኩት። ስብሰባ ያስተኛኛል፤ ከዶሮ ጋር ብውል እመርጣለሁ፤ ዶሮ ቢያንስ የሚለው ሲያልቅበት ዝም ይላል።

የሐጂ መኖ ስሙ የወጣው ዶሮዎቹ አስተዋጽኦ አድርገውበት ነው፤ ይበሉታል፣ እንቁላሉንም ይጥሉታል። በቆሎና ፉርሽካ፣ ዘይቱ የተጨመቀለት የኑግ ፋጉሎ፣ ጨው፣ ከሐይቁ ዳር የሚሰበሰብ የዓሣ አጥንት እንዳለበት አገር ያውቃል፤ ወፍጮው ሲዞር ሽታው ራሱ ይናገራል። ከዚያ በላይ የሚገባውን ግን በር ዘግቼ የምጨምረው እኔ ነኝ። ያገኘሁትም እኔ ነኝ፣ ከገዛ ግቢዬ ዶሮዎች ጋር ስጨቃጨቅ ከርሜ። ምን እንደሆነ ትነግረናለች ብላችሁ አትጠብቁ።

ሐጂ ታዲያ እንቁላሉ በበዛ ቁጥር ቢሮ ገብተው «ሰይዴ፣ እጅህን አላህ ይባርከው» ይሉ ነበር። ሰይድም «አሚን» ይላል። ሥራ አስኪያጅ የሚያዝ፣ ሚስቱ የምታማስል መስሏቸው ነበር። ደመወዛችን አንድ ቤት ስለሚገባ እኔም ነገሬ አላልኩትም። ሰይድ ከመኖው የሚያውቀው ከረጢቱ ላይ ያለውን የአውራ ዶሮ ሥዕል ነው። እሱን በእርግጥ ራሱ አሻሽሎታል፤ ድሮ ወደ ግራ ያይ የነበረውን ወደ ቀኝ አዙሮታል።

እንዲህ እያለን ጌታሁን የሚባል ነጋዴ ውጫሌ ላይ የመኖ ወፍጮ ሊተክል ነው የሚል ወሬ ደረሰ። ሐጂ እንቅልፍ አጡ። ከአዲስ አበባ አማካሪ አስመጡ፤ በቀትር ፀሐይ እንኳ ከረባቱን የማያላላ፣ «ምስጢር» የሚል ማኅተም በቦርሳው ይዞ የሚዞር ሰው። በመጣ በሳምንቱ ማኅተሙ ያላረፈበት ነገር አልነበረም። ቁም ሳጥኑ ምስጢር፣ መጋዘኑ ምስጢር፣ የዘበኛው የሻይ ፔርሙዝ ሳይቀር ምስጢር ሆነ። እኔ የምቀላቅልበት ክፍል «ክፍል አንድ» ተባለ፤ ክፍል ሁለት የለንም። ስልካችን በር ላይ ቅርጫት ውስጥ እንዲቀመጥ ተወሰነ፤ ቅርጫቱ ቀኑን ሙሉ በመንዙማም በዘፈንም ሲጮህ ይውላል። ዘበኛውም ምስጢር በእጅ ይዞ የሚወጣ እንዳይኖር የሠራተኛውን መዳፍ እንዲያሸት ታዘዘ። ሁሉም ዓሣ ዓሣ ስለሚሸት ሁሉንም ያሳልፋል።

ምስጢሩን ማን እንደሚያውቀው የጠየቀ ግን አልነበረም። አማካሪው «ዋናው ምስጢር ያለው በአመራሩ ጭንቅላት ውስጥ ነው» ሲል ሐጂ ሰይድን አዩት፤ ሰይድ በትሕትና አንገቱን ደፋ።

አንድ ቀን ጠዋት ሰይድ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ ቁርስ ላይ ተቀመጠ።

«ዛሬ መልቀቂያ አስገባለሁ» አለኝ።

«ወዴት?»

«ጌታሁን ጋ። ሥራ አስኪያጅ። ደመወዙ እጥፍ ነው፣ መኪናም አለው።»

«ሰውየው ምን አይቶ ነው እጥፍ የሚከፍልህ?»

«ልምዴን።»

«ሰይድ፣ በአላህ። የሐጂን መኖ አሠራር ታውቃለህ ብሎ አይደለም?»

ሻዩን አማሰለ። «እኔ አውቃለሁ አላልኩትም። እሱ 'ታውቀዋለህ መቸም' አለኝ፤ እኔ ዝም አልኩ። ዝም ማለት ውሸት ነው?»

«በል መኖውን አሠራው ሲልህስ?»

«ሐያት፣ ድርጅት የሚሠራው በአመራር ነው። መኖ መኖ ነው።»

ይህን ሲል ደሜ ፈላ። ግን ጎረቤት እንዳይሰማ ብዬ ዋጥኩት። ማዶ ባለው ክፍል ደግሞ እናቴ ታማ አልጋ ይዛ ነበር።

መልቀቂያው በገባ ሰዓት ቢሮው የለቅሶ ቤት መሰለ። ሐጂ ወንበራቸው ላይ ቁጭ ብለው «ኧረ ያ ረቢ! ልጀ ብየ ያሳደግኩት! ምስጢሬን ጠቅልሎ ለጌታሁን!» ይላሉ። አማካሪው ሰይድን ያስፈረመውን የምስጢር ጥበቃ ውል ከቦርሳው አውጥቶ የተፈረመበትን ቦታ በጣቱ ይመታል። ክስ ደሴ ፍርድ ቤት እንመሥርት አለ። ሐጂ እጃቸውን አወናጨፉ።

«ፍርድ ቤቱ ቀጠሮ እስቲሰጠኝ ጌታሁን የአገሩን ዶሮ ሁሉ ይቀልባል። ነገ ውጫሌ አባጋሮቹ ይቀመጣሉ። እዚያ ይማል። ካልሰረቀ ይማል፤ ከሰረቀ ይፈራል።»

አባጋር የሚባሉት በእኛ አገር ነገር የሚያበርዱ ሽማግሌዎች ናቸው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አብሮ ይቀመጣል። ደም እንኳ ያስታርቃሉ። እነሱ ፊት መሐላ ፈርቶ የተመለሰ ሰው ሌባ ተብሎ ከቅሬ ይወጣል። ቅሬ ሌላ አገር እድር የምትሉት ነው። ከቅሬ የወጣ ቤት ሲያገባ አጃቢ፣ ሲሞት ቀባሪ የለውም። እኔ ደግሞ ያኔ እያንዳንዱን ጠዋት የምጀምረው እናቴ ትተነፍስ እንደሆነ ጆሮዬን ደረቷ ላይ ጥዬ ነበር። ሐጂ «ነገ» ሲሉ እኔ የታየኝ ሰይድ አልነበረም፤ የእናቴ ቃሬዛ ተሸካሚ አጥቶ ግቢያችን ውስጥ ቆሞ ነው።

አማካሪው ወደ እኔ ዞረ። «ወይዘሮ ሐያት፣ በደንባችን መሠረት ወደ ተፎካካሪ ከሄደ የቀድሞ ሠራተኛ ጋር መነጋገር የተከለከለ ነው።»

«ባሌ ነው እኮ።»

«ደንቡ ለዝምድና የተለየ አንቀጽ የለውም።»

«እራት ሳቀርብለትስ?»

ትንሽ አሰበ። «በምልክት ሊሆን ይችላል» አለ። አልሳቀም። የምሩን ነው።

ከሥራ ስወጣ ሰይድ ሐይቁ ዳር ቆሞ ጠበቀኝ። ፀሐይዋ ወደ እስጢፋኖስ ገዳም በኩል ዘቅዘቅ ብላለች፤ ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን እያጣጠፉ ነው። ፊቱ ገርጥቶ ነበር። ክሱን ሰምቷል።

«ሐያቴ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ» አለኝ። «ነገ ሲጠይቁሽ ሰይድ አያውቀውም እንዳትያቸው።»

የሰማሁትን ማመን አቃተኝ። «እውነቱ ይኸው አይደለም? አታውቀውም። ማልና ግባ። በነጻ ትወጣለህ።»

«ጌታሁን ይመጣል። ፊቱ 'አላውቅም' ብዬ ከማልኩ ሥራው በቃ አለቀ። ከሐጂ ወጥቻለሁ፣ ከጌታሁን አልገባሁ። ሰው ምን ይለኛል?»

«ካልማልክ ደግሞ ሌባ ይልሃል!»

ውሃውን እያየ «ሌባ ቢያንስ የያዘው ነገር አለ» አለ።

በሕይወቴ ብዙ ሞኝ ነገር ሰምቻለሁ፤ ይህን የሚያህል ግን አልሰማሁም። ሳቄ መጣ፣ ወዲያው ደግሞ እንባዬ መጣ። ሌባ ከመባል ይልቅ አያውቅም መባልን የሚፈራ ሰው ነው ለካ ያገባሁት። እናቴን አነሳሁበት። ቅሬውን አነሳሁበት። «አብሽሪ፣ ሽማግሌዎች ናቸው፣ መላ አያጡም» አለኝ።

በማግሥቱ በአንድ ሚኒባስ ነው የሄድነው። ሐጂና አማካሪው ከፊት፣ ሰይድ ከኋላ፣ እኔ መሀል። አማካሪው ከሰይድ ጋር እንዳልነጋገር በመስታወቱ ሲጠብቀኝ፣ የአምባሰል ተራራ ብቅ ሲል እንኳ ቀና ብሎ አላየም። ሰይድ ትኬቱን ከፈለልኝ፤ አማካሪው አጉረመረመ።

ውጫሌ ገበያ ነበር። ከገበያው ወጣ ብሎ ትልቅ ዋርካ ሥር ምንጣፍ ተነጥፏል። መሀል ላይ ሼህ ኡመር የሚባሉ ሽማግሌ ተቀምጠዋል፤ ጎናቸው አቶ መርሻ የሚባሉ፣ ነጭ ጋቢ የለበሱ ሌላ አባጋር አሉ። ገበያተኛውም አህያውን እያሰረ መክበብ ጀመረ። ጌታሁን ሹራቡን ትከሻው ላይ ጥሎ ከሰይድ ጀርባ ቆሟል።

ከሳሽ በቀኝ፣ ተከሳሽ በግራ ተባለ። ሁሉም ቦታውን ሲይዝ እኔ ቆሜ ቀረሁ።

«አንችስ የኔ ልጅ፣ ወዴት ነሽ?» አሉኝ ሼህ ኡመር።

«የከሳሽ ሠራተኛ ነኝ፣ ሼህ። የተከሳሽ ሚስት ነኝ።»

ሰዉ ሳቀ። «እንግዲያ መሀል ተቀመጭ» አሉ። መሀሉ ጥላው የማይደርስበት ነበር። ነጠላዬን ግንባሬ ላይ ሳብ አድርጌ ፀሐይ ላይ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ ዱዓ ተደረገ፤ ሁላችንም አሚን አልን። ከዚያ አማካሪው ተነሥቶ የተፈረመውን ወረቀት ምንጣፉ ላይ ዘረጋ። አቶ መርሻ አንገታቸውን ሰገግ አድርገው አዩት።

«ልጄ፣ ውል ይዞ ውጫሌ መምጣት ድሮም ለማንም አልበጀ። አጥፈው» አሉት።

ሼህ ኡመር ወደ ሐጂ ዞሩ። «ሐጂ ይመር፣ ምን ተሰረቅህ?»

«ምስጢር።»

«የምን ምስጢር?»

«የመኖዬ።»

«ምንድን ነው እሱ?»

ሐጂ ደነገጡ። «ሼህ፣ ይኸ ሁሉ ገበያተኛ ባለበት? ከተናገርኩትማ ምስጢርነቱ ምኑ ላይ ነው!»

«ስማኝማ» አሉ ሼህ ኡመር በእርጋታ። «ላም ጠፋችብኝ ያለ ሰው መልኳን ይናገራል። ቀንዷ እንዲህ፣ ግንባሯ እንዲያ ይላል። መልኳን ሳይናገር እከሌን አምሉልኝ ቢል አናምልለትም። በማይታወቅ ነገር ሰው ማማል ወንጀሉ የኛ ነው። መልኩን ተናገር።»

ይህን ሥርዓት ሐጂ ከልጅነታቸው ያውቁታል። ስንት የላም፣ ስንት የድንበር ነገር እዚያ ዋርካ ሥር ሲታይ ተቀምጠዋል። ምስጢርም ሲጠፋ መልኩ እንደሚጠየቅ ግን በንዴታቸው ረስተውት ነበር። አማካሪው ተንደርድሮ ጆሯቸው ሥር ደረሰ፤ «እንዳይናገሩ! ተፎካካሪው እዚህ ነው!» ይላል። ጌታሁን ደግሞ ሳይታወቀው አንድ እርምጃ ቀረበ። ገበያተኛውም ቀረበ። አንዲት ሴት ዶሮዋን በክንፏ እንደያዘች ከፊት ቆመች፤ ከማንም በላይ ጉዳዩ የሚመለከታት ዶሮዋ ናትና።

«በጆሮዎ ብቻ ልንገርዎ» አሉ ሐጂ በመጨረሻ።

ተነሥተው ሄዱ፣ ጎንበስ ብለው አንሾካሾኩ። የሼህ ኡመር ቅንድብ ወደ ላይ ወጣ።

«ይኸንንማ ሁሉም ይስማው» አሉ። «ሐጂ ይመር ራሱም አያውቀውም!»

ዋርካው ሥር ሳቅ ፈነዳ። ሐጂ ላባቸውን ጠረጉ። «እኔ ባለቤቱ ነኝ እንጂ... የሚያውቀው ሰይድ ነው። አምኜ ሰጥቼው!»

«የማታውቀውን ነገር እንዴት ሰጠኸው?» አሉ አቶ መርሻ።

ሼህ ኡመር ሰይድን ጠሩት። ለመሐላው ታጥቦ፣ ውዱእ አድርጎ መጣ። ቁርኣኑ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ፊቱ ተቀመጠ።

«'የሐጂ ይመርን የመኖ ምስጢር አላውቅም፣ ይዤም አልወጣሁም' ብለህ ማል።»

ሰይድ ከጀርባው የቆመውን ጌታሁንን ዞር ብሎ አየ። «ሼህ... 'ይዤ አልወጣሁም' ብቻ ብልስ?»

«ለምን? ምስጢር ጤፍ አይደል፣ በስልቻ አይያዝም። ካወቅከው ይዘኸው ወጥተሃል። 'አላውቅም' ማለት ምን ከበደህ?»

ሰይድ ከንፈሩን ላሰ። እኔ መሀል ፀሐይ ላይ ሆኜ በልቤ «በል! በል አንተ ሰው!» እላለሁ። አንዲት ቃል ናት። ያቺን ቃል ቢላት ወደ እናቴ እንመለሳለን።

«አልምልም» አለ።

ሰዉ «ያ አላህ!» አለ። ሐጂ ከተቀመጡበት ዘለው «አላልኳችሁም!» አሉ፣ ድምፃቸው ግን ደስታ አልነበረውም፤ ልጀ ያሉት ሰው እውነት ሌባ ሲሆን ማየት ከብዷቸው ነው መሰለኝ ወዲያው ተቀመጡ። ከዚያ ሁሉ ሰው ፈገግ ያለው ጌታሁን ብቻ ነበር። የገዛው ዕቃ እውነተኛ መሆኑ በአባጋር ፊት ተመሰከረለት።

ሼህ ኡመር ቁርኣኑን አስነሡ። ከዚያ እንዲህ አሉ፤ «መሐላ ፈርቶ የተመለሰ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ቅሬውም ይሰማል። ግን ባለትዳር ሰው ነው፤ ቅጣቱ ቤት ይገባል። ባለቤቱን ሳንጠይቅ አንጨርስም። የኔ ልጅ፣ ምን ትያለሽ?»

ተነሣሁ። በአንድ በኩል ሐጂ፣ በሌላ በኩል ሰይድ አይን አይኔን ያያሉ። ሰይድ አንገቱን በትንሹ ነቀነቀ፤ አትናገሪ ማለቱ ነው። እኔ ደግሞ ከሁለቱም ይልቅ የእናቴን ደረት ነበር የማስበው።

«አያውቀውም» አልኩ።

«ሐያት!» አለ ሰይድ።

«አያውቀውም። ወላሂ አያውቀውም። እኔ ልማልለት።»

«አንቺ እንደማያውቀው በምን አወቅሽ?» አሉኝ ሼህ ኡመር።

«የማውቀው እኔ ስለሆንኩ ነዋ።»

ሐጂ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። «አንቺ? አንቺ እኮ... እሱ እያዘዘሽ...»

«ሐጂ፣ በር ዘግቼ የምቀላቅለው እኔ ነኝ። እሱ ክፍል አንድ ገብቶ አያውቅም፤ ፋጉሎው ያስነጥሰዋል።»

ሼህ ኡመር ፈገግታቸውን በጺማቸው ደበቁ። ወደ ሰይድ ዞረው «እስቲ ልጄ፣ መኖው ውስጥ ምን ምን አለበት?» አሉት።

ሰይድ ቀና አለ። እጁ በልምድ ወደ ኪሱ ገባ። «በአጠቃላይ... እህል ነክ ነገሮች አሉበት» አለ።

ሰዉ መሬት እየመታ ሳቀ። ዶሮ የያዘችው ሴት ከሳቋ ብዛት ዶሮዋን ለቀቀቻት። እኔ አልሳቅኩም። ባሌ እዚያ ሁሉ ሰው መሀል ቆሞ፣ ጆሮው ቀልቶ፣ እጁን ከኪሱ ማውጣት እንኳ ጠፍቶበት ሳየው ልቤ ተሰበረ። ነጻ አወጣሁት፤ ግን አዋረድኩት። ሁለቱን መነጠል አልቻልኩም።

ጌታሁን ሰይድን ትከሻውን መታ አደረገና «እንነጋገራለን» አለው። ነጋዴ «እንነጋገራለን» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ከዚያ ሰይድን ዞሮት ወደ እኔ መጣ። ሐጂም መጡ። አንዱ «እህቴ» ይለኛል፣ አንዱ «ልጀ» ይለኛል፤ አንዱ እጥፍ ሲል ሌላው የእጥፍ እጥፍ ይላል። አማካሪው በመሀላቸው ሾልኮ አዲስ ወረቀት አፍንጫዬ ሥር አመጣ። «እዚህ ጋ ቢፈርሙልኝ» አለ። ማኅተሙን ሳይቀር አውጥቶ ነበር፤ ግንባሬ ላይ ያሳርፈው እንደሆነ እንጃ።

ሼህ ኡመር በከዘራቸው መሬቱን መቱ። «ተቀመጡ! ገና አልተፈታም። ሐጂ ይመር፣ ያላወቅከውን ተሰረቅኩ ብለሃል። ጌታሁን፣ ያልተሸጠልህን ገዝተሃል። አንተ ልጅ፣ የሌለህን ሸጠሃል። የሦስታችሁም ነገር የሷ ነው፤ የጠየቃት ግን የለም። ምስጢሩ የሷ፣ ወፍጮው የናንተ። የፈለገ ከሷ ይግዛ። በሉ አሁን አውፍ፣ ይቅር ተባባሉ።»

ሰይድ ጎንበስ ብሎ የሐጂን ጉልበት ሳመ። ሐጂ ጭንቅላቱን ይዘው አለቀሱ። ዱዓ ተደረገ። አሚን ሲባል የኔ ድምፅ ሳይበልጥ አልቀረም። ቅሬያችን ተርፏል።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። አማካሪው ከፊት ተኝቷል፤ ከረባቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ላልቷል። ሰይድ ብዙውን መንገድ በመስኮት ወደ ውጭ እያየ ሄደ። የተቆጣኝ መሰለኝ። ሐይቁ ከሩቅ መታየት ሲጀምር ዞር አለ።

«ሐያት» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«አቤት።»

«ምንድን ነው የምትጨምሪበት?»

አፈጠጥኩበት። በትዳራችን ውስጥ ስለ ሥራዬ የጠየቀኝ የመጀመሪያው ጥያቄ ነበር።

አንባቢዎቼ፣ ያ ቀን ብዙ ነገሬን ቀይሮታል። የሐጂን ቢሮ ለቅቄ ግቢዬ ውስጥ የራሴን መደባለቂያ ተከልኩ። ዋናውን ቅመም አዘጋጅቼ ለሐጂም ለጌታሁንም እሸጣለሁ፤ ሁለቱም በቆሎአቸው ላይ ይቀላቅሉታል። የሚያደርስላቸው ሰይድ ነው። ሐጂ በጆሮው «የኔው ይበልጣል አይደል?» ይሉታል፣ ጌታሁንም ያንኑ ይለዋል። እሱ ለሁለቱም ፈገግ ብሎ ዝም ይላል። ገበያችን የሚሄደውም በዚሁ ነው፤ ሰውየው በእርግጥ ለሽያጭ የተፈጠረ ነው፣ ያጣው የሚሸጠውን ነገር ነበር። እናቴ ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየች። ቅሬው ነቅሎ ወጥቶ፣ ሐጂ ከፊት፣ ጌታሁን ከኋላ ቃሬዛዋን ተሸክመው ቀበሯት። አላህ ይስጣቸው።

እናንተ ድርጅት ያላችሁ ሰዎች፣ ትልቅ ወንበር የያዘ ሰው ለቅቆ ሲሄድ ደረታችሁን አትምቱ። ቁልፍ ከመቀየራችሁ፣ የሠራተኛውን መዳፍ ከማሽተታችሁ በፊት፣ የጠፋው ነገር ከመጀመሪያውም ማን ጋ እንደነበር አጣሩ። ምናልባት የሄደው ሰው ባዶ እጁን ሄዶ፣ የምትፈሩለትን ነገር የምታውቀው ደግሞ ጓዳ ውስጥ ቆማ «ማንም አልጠየቀኝም» እያለች ይሆናል። ሰው ወደ ተፎካካሪ የሚሄደው ሁልጊዜ ከበር ወጥቶ አይደለም፤ የጠየቀው ከሌለ ተቀምጦም ይሄዳል።

ሰይድ ሚኒባሱ ውስጥ ለጠየቀኝ ምን መለስኩለት ትሉኝ ይሆናል። መጀመሪያ ጠረጠርኩት፤ ከሳምንት በኋላ ለሌላ ሊሸጠው ነው ብዬ። ፊቱን ሳየው ግን የሚሸጥ ሰው ፊት አልነበረም። ስለዚህ ወደ ጆሮው ጠጋ አልኩና ሁሉንም፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኩት። እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገረም። ረስቶትም ሊሆን ይችላል፤ እሱን ግን አላጣራሁም።